የአያ እንድሪስ ዓሣ

የአያ እንድሪስን መሞት የሰማሁት ከቤተ ጊዮርጊስ በላይ ባለው የመኪና ማቆሚያ እንግዶቼን ስጠብቅ ነው። አንድ የወልድያ ሾፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «ያ የሐይቁ እንድሪስ አረፈ አሉ፤ ሰምተሃል?» አለኝና ማርሽ አስገብቶ ሄደ። ሰው ወዳጁ ሲሞትበት መጀመሪያ የሚመጣበት ሐዘን ነው። እኔን ግን ቀድሞ የመጣብኝ እፍረት ነበር። ፊቴ ጋለ። እንግዶቼ ወጥተው አጠገቤ ሲደርሱ ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ ፀሐዩ ነው አልኳቸው።

አያ እንድሪስ የቱሪስት መኪና ሾፌር ነበር፤ እኔ አስጎብኚ ነኝ። መንግሥት ተለውጦ መንገዱ ሰላም በሆነ በጥቂት ዓመቱ እንግዳ ይዞ ወደ ላሊበላ መመላለስ ጀመረ፤ ቆይቶም ከገበያው በታች አንዲት ክፍል ተከራይቶ እዚያው ቀረ። ሚስቱ ቀድማ ሞታበታለች፤ ልጅ የለውም። ቤቴ የሚለው ሐይቅ ከተማ የምትኖረውን ታናሽ እህቱን የዘሃራን ቤት ነበር።

በዕድሜ ብዙ ይበልጠኛል፤ አንቱ ማለት ይገባኝ ነበር። የመጀመሪያ ቀን «አንቱ» ስለው መኪናውን ዳር አስያዘና፣ «ስማ አንተ ላስታ፣ አንቱታውን ለቄሶቻችሁ ተውላቸው። እኔን አያ በለኝ፤ ይበቃኛል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ለእኔም ለከተማውም አያ እንድሪስ ሆኖ ቀረ።

ረጅምና ጎበጥ ያለ ሰው ነው። እጁ መሪ ላይ ስለሚውል ነገር የሚያሳየው በአገጩ ነው፤ ተራራውንም፣ ሰውንም፣ የሚታለፈውን ጉድጓድም። ከመኪና ሲወርድም ልማዱ አይለቀውም፤ ሻይ ቤት ገብቶ በአገጩ ያዝዛል። ጥሩምባ መንፋት አይወድም። በግ መንገድ ላይ ቢተኛበት ሞተሩን አጥፍቶ እስኪነሣ ይጠብቃል። እንግዶቹ ሲቁነጠነጡ፣ «መንገዱ የበጉ ነው፤ እኛ ትናንት ነው የመጣን በላቸው» ይለኛል። ምን ብዬ እንደምተረጉመው ይጨንቀኝ ነበር።

አንድ ትልቅ ጥፋት ግን ነበረበት፤ ስለ ሐይቅ ያወራል።

ሐይቅ ከደሴ ወደ ወልድያ ሲኬድ መንገድ ዳር ያለች ከተማ ናት። ከከተማዋ ወረድ ብሎ ተራራ የከበበው ሰፊ ውሃ አለ። ወደ ውሃው የገባ፣ ድሮ ደሴት የነበረና አሁን በአንድ ወገኑ ከየብስ የተያያዘ ጉብታ ይታያል፤ በዛፍ የተሸፈነው ይህ ጉብታ የጥንቱ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ነው። ይህን ሁሉ ሳላየው ያወቅሁት ከአያ እንድሪስ አፍ ነው። እኔ ብቻ ሳልሆን ከየአገሩ የመጣ እንግዳ ሁሉ አውቆታል። ሰውዬው የላሊበላን ቤተ ክርስቲያን ሊያይ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል፤ ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆሞ አፉን ከፍቶ ይቀራል። አያ እንድሪስ ከኋላ ይጠጋውና፣ «ጥሩ ነው። ሐይቅን አይተሃል?» ይለዋል። እንግሊዝኛው ከዚያች ብዙም አትዘልም ነበር። የቀረውን እንድተረጉምለት ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

በጣም አፍርበት ነበር። ወጣት ነበርኩ፤ ለአገሬ ቀናተኛ። በእኛ ሠርግ መሐል ተነሥቶ የጎረቤትን ሙሽራ የሚያደንቅ ዘመድ ያለኝ ያህል ይሰማኝ ነበር። ጓደኞቼም አልማሩኝም፤ ገና ከሩቅ ሲያዩት «ሐይቅህ መጣልህ» ይሉኛል። እሱንም፣ «አያ፣ ውሃ ነው እንጂ ምን አለው?» እያሉ ይነካኩታል። አይቆጣም። «ድንጋይስ ይጠረባል፤ እስቲ ውሃ ጥረቡ!» ይልና ትከሻው እስኪነቃነቅ ይስቃል።

ከካህናቱ ጋር ያለው ጨዋታ ደግሞ ሌላ ነበር። አጎቴ መምሬ ተገኘ፣ የእናቴ ወንድም፣ ከቅዳሴ ሲመለሱ መንገድ ላይ ከጠበቃቸው ነገር አለ ማለት ነው። «አባቴ፣ መንግሥቱን ከላስታ ነገሥታት ነቅሎ ለሰሎሞን ዘር ያስረከበው እኮ የኛ መነኩሴ ነው። እስከ ዛሬ ካሣ አልጠየቃችሁንም!» ይላቸዋል። እስላሙ ሰውዬ «የኛ መነኩሴ» ሲል በዙሪያው ያለ ሁሉ ይስቃል፤ እሱ ግን ከልቡ ነበር። በሐይቅ ገዳም ስንት መጽሐፍ እንደተጻፈ፣ የገዳሙ አለቃ «ዐቃቤ ሰዓት» ተብሎ በቤተ መንግሥት ምን ያህል ይከበር እንደነበር፣ ሁሉንም እንደ ቤተሰቡ ታሪክ ያወራው ነበር። መምሬም አይተኙለትም። ከዘራቸውን ወደ ቤተ መድኃኔ ዓለም ቀስረው፣ «መንግሥቱን ወሰዳችሁ፤ እንግዲህ ይኼን መሸከም አቅቷችሁ ነው የተዋችሁት!» ይሉታል። «እሱስ እውነት ነው አባቴ፤ ከባድ ነው» ብሎ እጅ ይነሣቸውና አብረው ይወርዳሉ።

እንግዶቹ በጣም የሚወዱለት የደሴቲቱን ታሪክ ነበር። ሐይቁ ድሮ ሜዳ ነበር ይላል። አንዲት ነፍሰ ጡር በመኳንንት ልጅ ተበደለች፤ ሰሚ አጥታ ወደ ፈጣሪዋ አለቀሰች። ፈጣሪም ተቆጥቶ ሜዳውን እስከነሰዉ ውሃ አደረገው። እሷ የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ደረቅ ሆና ቀረች፤ ደሴቲቱ እሷ ናት። አንድ ጊዜ ከወልድያ ወደ ላሊበላ ስንወጣ ይህን የሰማች አንዲት አሮጊት እንግዳ፣ «ታዲያ ገዳሙ ሴት አያስገባም ትላላችሁ። መሬቷ የተረፈችው ለሴት አይደለም እንዴ?» አለችን። ተረጎምኩለት። ጋሸና ልንደርስ ስንል፣ «ንገራት» አለኝ፤ «እናቴም ይህንኑ ስትጠይቅ ኖራ ሞተች። እኔ እስላሙ እገባለሁ፤ የቄሱ ሚስት ዳር ላይ ትቀራለች። ለእሷ በተረፈ መሬት እሷው እንግዳ ሆነች በላት።»

እንግዳ መሆን እሱንም የሚቆረቁረው ነገር ነበር። ላሊበላ ያን ሁሉ ዓመት ሲኖር ያልጋበዘው ቤት የለም። በጾም ከሁላችንም ጋር ሽሮውን ይበላል። በፍስክ የክርስቲያን ሥጋ ስለማይበላ፣ በገና አጎቴ ቤት የሱ ዶሮ ሳትታረድ ትቆየዋለች፤ መጥቶ «ቢስሚላህ» ብሎ አርዶ፣ በተለየ ድስት ተሠርታለት ይበላል። አክብሮት ነው፤ ግን ሁልጊዜ ተቀባይ ነው። የኪራይ ክፍሉ ሦስት ሰው አያስቀምጥም። እና፣ «አንድ ቀን አገሬ ትመጣላችሁ። ያን ቀን እጃችሁን የማስታጥባችሁ እኔ ነኝ» ይል ነበር። ሲለው ድምፁ ይለወጥ ስለነበር በዚህ እንኳ የሚቀልድበት አልነበረም። ለእህቱም፣ «የላሊበላ ሰዎች ከአንቺ አይለዩብኝም» እያለ ይነግራታል፤ ይህን በኋላ ከራሷ ሰምቻለሁ።

አንድ ዓመት የአጎቴ ማኅበርተኞች በጥር እስጢፋኖስ ሐይቅን እንሳለም ብለው ተስማሙ። አያ እንድሪስ የተሰማውን ደስታ ለመናገር ይቸግረኛል። ሚኒባስ ለምኖ አመጣ፤ ራሱ ሊነዳ። ዘሃራ ጋ አስቀድሞ መልእክት ላከ። ምን ልታበላን ነው ስንለው በአገጩ ወደ ደቡብ እየጠቆመ፣ «ስትደርሱ ታያላችሁ» ብቻ ነው መልሱ።

ገና በዋለ በማግስቱ ማለዳ ተነሣን። የእስጢፋኖስ በዓል የዋለው ዓርብ ነበር። ወንዶቹ ከመምሬ ጋር ገዳሙ ገብተን አስቀደስን፤ ሴቶቹ ደጅ ቀሩ። ቅዳሴው የጾም ቀን ስለሆነ ዘግይቶ ወጣ። እኛ ከቅዳሴ፣ እሱ ከጁምዓ ስግደት ተመልሰን ውሃው ዳር ተገናኘን። ሐይቁን ያን ቀን አየሁት። ያወራው ሁሉ ልክ ነበር፤ እንዲያውም አሳንሶ ነግሮናል። ወፎቹ በመንጋ እየተነሡ ተመልሰው ውሃው ላይ ያርፋሉ፤ ታንኳ ላይ የቆመ ሰው ከሩቅ ይታያል። «ሰይድ ነው፣ የዘሃራ ባል። ለእናንተ ነው ሲለፋ ያደረው» አለን። መምሬ ጫማቸውን አውልቀው ውሃው ጥግ ቆሙና፣ «እንድሪስ፣ ላሊበላ ላይ ስታወራ ትዋሻለህ እያልኩ አማህ ነበር፤ ይቅር በለኝ» አሉት። ከዚያች ደቂቃ የበለጠ ኩራት በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም።

የዘሃራ ቤት ከውሃው ብዙ አይርቅም። ግቢው ተጠርጓል፤ ምንጣፍ ተነጥፏል። ክርስቲያን ጎረቤቶቿ ሳይቀሩ ሲያግዟት ነው ያደሩት። «መርሐባ! እንኳን ደኅና መጣችሁ የወንድሜ ዘመዶች፣ ኧረ ግቡ፣ ግቡልኝ!» እያለች ተቀበለችን። አያ እንድሪስ ሸሚዝ ለውጦ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ማስታጠቢያውን ይዞ መጣ። ዘሃራ ልትቀበለው ስትል አልሰጣትም። ከመምሬ ጀምሮ የሁላችንንም እጅ ጎንበስ እያለ አስታጠበን። ሴቶቹ ማኅበርተኞች «ኧረ አያ፣ ይተዉ» ቢሉትም አልሰማም።

ሰይድ ትሪውን ራሱ ተሸክሞ ገባ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ እንደራሰ ነው። ትሪው ሙሉ ቆሮሶ ዓሣ ነበር፤ ጎን ጎኑ ተተልትሎ የተጠበሰ፣ ትኩስ፣ ዳጣና ሎሚ ከዳሩ። «ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ነው ያወጣሁት፤ ዓይኑ ገና ያያል!» አለ እየሳቀ።

መምሬ ለመባረክ መስቀላቸውን አወጡ። ትሪውን አዩ። መስቀሉ እጃቸው ላይ እንደተያዘ ቀረ።

በእኛ አገር ዓሣ በጾም አይበላም። ላስታ ውስጥ ይህ የሚጠየቅ ነገር እንኳ አይደለም፤ ዓሣውም የለ። በሐይቅ ግን ክርስቲያኑ ውሃው ዳር ተወልዶ ያደገ ነው፤ ዓሣን ከሽሮ ጋር ነው የሚቆጥረው፤ ሁዳዴንም ዓርብንም ይበላዋል። አያ እንድሪስ የተሳሳተው አገሩን በማወቁ ነው። አስቦ፣ አውጥቶ አውርዶ ነው ያደረገው። ሥጋ ቢሆን በእስላም የታረደ አንበላለትም፤ ቀኑም ዓርብ ነው። ሽሮ ቢሆን ያን ሁሉ የገና ጾም ሽሮ በልተን መጥተናል፤ ሰው የስንት ዓመት ግብዣ እንዴት በሽሮ ይመልሳል? ዓሣ ግን አይታረድም፤ ማን ባረከው አይባልበትም። እሱና እኛ፣ ዘሃራና መምሬ፣ ከአንድ ትሪ የምንበላው ሥጋ በዓለም ላይ ያ ብቻ ነበር።

መምሬ ካልባረኩ ማንም እጁን አይዘረጋም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ዛሬ ዓርብ አይደለም እንዴ? ምን ላድርግ?» አሉኝ። ምንጣፉን አየሁ። የሁላችንም የታጠበ እጅ እርጥብ እንደሆነ ጉልበታችን ላይ ተቀምጧል። ዘሃራ፣ «ምነው አባቴ? ዘይቱ በዛበት?» አለች።

አያ እንድሪስ ማስታጠቢያውን እንደያዘ በሩ ሥር ቆሞ ነበር። መምሬን አየ፤ መስቀሉን አየ፤ ቀጥሎ እኔን። የገባው እኔን ሲያይ ነው። አገጩ ደረቱ ላይ ወደቀ። ማስታጠቢያውን አስቀመጠና መጥቶ ትሪው አጠገብ ተንበረከከ፤ ከዳር ካለው ዓሣ ቆረስ አድርጎ ወደ አፍንጫው አስጠጋ።

«ሰይድ፣ ይሄ ዓሣ ሸቷል» አለ።

ሰይድ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

«ምን ያስቅሃል? ሸቷል እያልኩህ ነው! ያደረ ዓሣ ነው ያመጣህልኝ። እንግዶቼን ልትጨርስብኝ ነው?»

«ኧረ አያ! ወላሂ ዛሬ ጠዋት…»

«ዝም በል! በሰው ፊት አትማል!»

ጥሩምባ የማይነፋው ሰው ነው እንዲህ የጮኸው። ትሪውን አንሥቶ በጓሮ በር ይዞት ወጣ። ሰይድ መሐል ቤት ቆሞ ሁላችንንም በየተራ አየን፤ አንድ ሰው «ኧረ ደኅና ነው» እንዲልለት የጠበቀ ይመስለኛል። ማንም አላለለትም። ወጥቶ ወደ ውሃው ሄደ። ዘሃራ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ፣ «ወይኔ! አዋረድኳችሁ! በወንድሜ እንግዶች ፊት! ምን ይዋጠኝ!» እያለች ታለቅስ ጀመር። ጎረቤቶቿ ተሯሩጠው ከየቤታቸው ሽሮና ምስር አመጡ። በላን። በሕይወታችን ለሽሮ ያን ያህል ምስጋና አዝንበን አናውቅም።

ስንመለስ ውጫሌ ላይ ጎማ ሊያይ ወረደ፤ ተከተልኩት።

«አያ፣ ለምን እንዲህ አደረግህ? ጾም ነው፣ በላስታ አይበላም ብንላት ይበቃት ነበር እኮ።»

«አይበቃትም» አለኝ ጎማውን በእግሩ እየነካ። «እዚህ ያሉ ክርስቲያኖች እኮ ይበሉታል። 'ጎረቤቶቼ የሚበሉትን እነሱ የተዉት የእስላም ቤት ስለሆነ ነው፤ ተጠየፉን' ነበር የምትለው። ስንት ዓመት ከአንቺ አይለዩብኝም እያልኩ ስነግራት ኖሬ! ዓሣ ቢሸት ይደፋል። ሰው ከተጠየፈ ምን ይደረጋል?»

«ሰይድስ?»

«ሰይድ ዘመድ ነው፤ ይችለኛል» አለ። ግን ፊቱን አዞረ።

ከወልድያ ወጥተን ዳገቱን ስንጀምር መምሬ፣ «እንድሪስ፣ ያ ዓሣ እውነት ሸቶ ነበር?» ብለው ጠየቁት። «አዎ አባቴ፤ ሸቶ ነበር» አለ፤ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ። ከኋላ የነበሩት ሁሉ ሰሙት። ሁሉም እንዳልሸተተ ያውቃል። ሁሉም ዝም አለ፤ ዝምታው ስለተመቸን።

ሰይድ ግን አልቻለለትም። በሐይቅ ገበያ ከእሱ ዓሣ የሚገዛ ሁሉ «እንግዳ ፊት የሸተተብህ አንተ አይደለህም እንዴ?» እያለ ይቀልድበት ጀመር። እሱ ጠዋት የወጣ ነው እያለ ይምላል፤ ሲምል ደግሞ የበለጠ ይስቁበታል። ከአያ እንድሪስ ጋር መነጋገር አቆመ። አያ እንድሪስም ለዒድ ካልሆነ አገሩ መሄድ ተወ፤ በኋላ ያንንም ተወው።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ የሚቀጥለው ነው። ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ እንግዶች ቆመው ሲያደንቁ አያ እንድሪስ መኪናው ውስጥ ይቀመጣል። አንድ ቀን እኔው ራሴ፣ እንዲናገር ብዬ፣ ለሁለት እንግዶች «ይህ ሰው ከሐይቅ ነው፤ ስለ አገሩ ይንገራችሁ» አልኳቸው። በእንግሊዝኛው፣ «ውሃ ነው» አላቸው። ሌላ ነገር አልጨመረም። ያን ቀን ስንት ዓመት ሳፍርበት የኖርኩት ወሬው ምን ያህል እንደናፈቀኝ አወቅሁ።

መምሬ በየዓመቱ፣ «ሐይቅ ወርጄ ለሴትዮዋ እነግራታለሁ» ይሉ ነበር። አንድ ዓመት ጉልበታቸው፣ አንድ ዓመት ክረምቱ። አያ እንድሪስን ሲያገኙ ነገሩን ሊያነሡበት ይሞክራሉ፤ እሱ ግን «ተዉት አባቴ፤ ሸቶ ነበር እኮ» ብሎ ሌላ ወሬ ያመጣል። እየቆየ ኩላሊቱ ታመመ፤ መንዳት ተወ። የሚያስታምመው ስላልነበረ ዘሃራ መጥታ ወሰደችው። ሲሄድ ሸኘነው፤ በመኪናው መስኮት በአገጩ ቤተ መድኃኔ ዓለምን አሳየኝና፣ «ከባድ ነው» ብሎኝ ሄደ።

መሞቱን በሰማሁ ማግስት መምሬን ይዤ ለቅሶ ልደርስ ወረድኩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ክንዴን ይዘው ነው የሚሄዱት። መንገዱን ሁሉ የሚናገሩትን ሲያዘጋጁ ነበር። «በለቀስተኛው ሁሉ ፊት እነግራታለሁ። ዓሣው ደኅና ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው እላለሁ» ይሉኛል።

ሰይድ ከአስፋልቱ ዳር ተቀበለን። አርጅቷል። መምሬ ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ እጁን ያዙና፣ «ሰይድ ልጄ፣ ያ ዓሣ አልሸተተም ነበር። ጾም ስለነበር ነው እኛ…» አሉ።

«አውቃለሁ አባቴ» አለ ሰይድ። «ያን ቀን ማታ ዘሃራ ሳታይ ከነልጆቼ የበላነው እኛ ነን።»

መምሬ እጁን አልለቀቁም።

«የጾሙንም ነገር ውሎ አድሮ ደርሼበታለሁ። የተቀየምኩት ስለ ዓሣው አይደለም» አለ። «ዞር አድርጎ 'ሰይድ፣ ለእንግዶቼ ብዬ ነው' ቢለኝ ኖሮ ራሴ እንኳ እደፋው ነበር። አላለኝም። ታሞ ቤቴ ሲመጣ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሊሞት ሰሞን ሁለታችን ብቻ ሳለን፣ 'አያ፣ አሁን እንኳ ንገረኝ፤ ዘሃራ አትሰማም' አልኩት። እጄን ያዘኝ። 'ሸቶ ነበር' አለኝ። እያለቀሰ 'ሸቶ ነበር ሰይድ' አለኝ። እናንተን አሳልፎ ሳይሰጥ ሞተ።»

መምሬ ከዘራቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። ከዚያ፣ «ውሰደኝ ወደ እሷ» አሉ።

ግቢው ለቀስተኛ ሞልቶበታል። ዘሃራ መምሬን ስታይ ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ መጣችና እግራቸው ሥር ተቀመጠች። «አባቴ፣ መጡልኝ? ያን ያህል አዋርጃችሁ፣ የሸተተ አቅርቤላችሁ፣ ዛሬ ደግሞ ለወንድሜ መጡልኝ? ይቅር በሉኝ። ወንድሜ አገሩን የጠላው በኔ ነው፤ ያን ቀን ባሳፍረው ነው» አለች። ለቀስተኛው ሁሉ ያዳምጣል። ከመሐሉ በገበያ የሰይድን ዓሣ ሲገዙ የኖሩ ሰዎች ነበሩበት።

መምሬ አፋቸውን ከፈቱ። ሰይድ ክንዳቸውን ያዝ አደረገ።

«አንቺ ምን አጠፋሽ ዘሃራ?» አላት፤ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ። «የዋሸሁ እኔ ነኝ። ዓሣው የዋዜማው ነበር። አያ እውነቱን ነው፤ ሸቶ ነበር።»

ከኋላ አንድ ሰው «ብለን ነበር!» ሲል ሰማሁት። ሰይድ ዞር ብሎም አላየው፤ መምሬን ደግፎ ምንጣፉ ላይ አስቀመጣቸው።